ቤት የሚከራይ ሰውና ሕግ የከለከለው ውሻ

የሰውና የውሻ ወዳጅነት ከጥንት የመጣ ነው። በአገራችን ውሻ በግቢው በር አጠገብ ይተኛል፤ ሌሊት ጅብ ወይም ሌባ ሲቀርብ ይጮኻል፤ ከማዕድ የተረፈውንም ይበላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረታችን የተገኘው ከዚሁ ኑሮ ነው። ግቢው የራስ ከሆነ ውሻውም የራስ ነው፤ ማንንም ማስፈቀድ አያሻም። ወደ ውጭ አገር ታላላቅ ከተሞች የሄደው ወገናችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በሰው ቤት ነው። ከላዩ ሌላ ቤተ ሰብ አለ፤ ከታቹም ሌላ ቤተ ሰብ አለ፤ ደረጃውም የጋራ ነው። በዚያ ውሻ ለማሳደር የሕግ፥ የባለ ቤቱና የጎረቤት ነገር አንድ በአንድ መታሰብ አለበት።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣን፥ ልጆች በውጭ አገር የሚያድጉባቸው ቤተ ሰቦች በየጊዜው የሚገጥማቸው ችግር ነው። ልጆቹ የፈረንጆቹን ልማድ አይተው ውሻ እንዲገዛላቸው ይለምናሉ፤ አባት ወይም እናት ደግሞ ለልጆቻቸው ደስታ ብለው እሺ ይላሉ። ከውሾች መካከል ሕግ የከለከላቸው እንዳሉ፥ በኪራይ ቤት ውስጥ ሲሆንም ነገሩ እጅግ እንደሚከብድ የሚያውቁት ግን ከዘገየ በኋላ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን የእንግሊዝ አገርን ምሳሌ አድርገን ነገሩን ከሥሩ እንመርምር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሕጉ እንዴት እንደ ወጣ

በ1991 በእንግሊዝ አገር ውሾች ሰዎችን ክፉኛ ስለ ነከሱ የሕዝቡ ቍጣ ተነሣ። በዚያን ጊዜ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኬኔዝ ቤከር የአደገኛ ውሾች ሕግ የተባለውን ለፓርላማ አቀረቡ፤ ጸደቀም። በዚያው ዓመት አራት ዐይነት ውሾች ተከለከሉ፤ እነርሱም ፒት ቡል ቴሪየር፥ የጃፓን ቶሳ፥ ዶጎ አርጀንቲኖና ፊላ ብራዚሌይሮ ናቸው።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለው፥ ከአሜሪካ የመጣ፥ ደረተ ሰፊና ጡንቻው የፈረጠመ ትልቅ ውሻ በአገሩ በዛ። በ2021 በዌልስ ውስጥ በኬርፊሊ ከተማ የ10 ዓመት ልጅ በእንዲህ ያለ ውሻ ተነክሶ ሞተ። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ በስታፎርድሺር ክፍለ ሀገር አንድ ሰው በውሾች ተነክሶ በሞተ ማግሥት የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ውሻው እንደሚከለከል ለሕዝብ አስታወቁ። ከዲሴምበር 31 ቀን 2023 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ይህን ውሻ ማርባት፥ መሸጥ፥ መለወጥ፥ ለሌላ ሰው መስጠትና ሜዳ ላይ መጣል ወንጀል ሆነ። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ልዩ የምስክር ወረቀት ሳይኖር ውሻውን ይዞ መገኘት ራሱ ወንጀል ሆነ። ስኮትላንድም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ አወጣች።

እዚህ ላይ አንባብያን በብርቱ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ሕጉ የሚፈርደው በውሻው መልክና ቁመና እንጂ በስሙ ወይም በወላጆቹ የዘር ወረቀት አይደለም። ወንዱ ኤክስ ኤል ቡሊ እስከ ትከሻው ሲለካ ቁመቱ ከ51 ሳንቲ ሜትር፥ ሴቷም ከ48 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ነው፤ ከዚህም ጋር የራሱ፥ የመንጋጋውና የደረቱ ቅርጽ ይመረመራል። ስለዚህ «ሻጩ ሌላ ዘር ነው ብሎኛል» የሚለው መልስ አያድንም። ይልቁንም በፍርድ ቤት ውሻው ከተከለከለው ዐይነት አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በባለ ውሻው ላይ ነው።

የምስክር ወረቀቱና ግዴታው

ሕጉ ሲወጣ በየቤቱ ያሉትን ውሾች ሁሉ ግደሉ አላለም። ባለ ውሻው 92 ፓውንድ ከ40 ሳንቲም ከፍሎ በጊዜው ካስመዘገበ፥ ውሻው እስኪሞት ድረስ ሊያኖረው ተፈቀደለት። በዚህ መንገድ ከ50,000 በላይ ውሾች ተመዘገቡ። ውሻውን ማኖር ያልፈለገ ደግሞ በእንስሳት ሐኪም እጅ እንዲያስገድለው ተፈቅዶ፥ ለዚሁ 200 ፓውንድ ካሣ ተቈርጦ ነበር፤ የካሣው ጊዜ አሁን አልፏል።

የተመዘገበ ውሻ ብዙ ግዴታ አለበት። መኮላሸት አለበት፤ ከቆዳው ሥር ቍጥር ያለው ማይክሮ ቺፕ መቀበር አለበት፤ ሌላ ሰው ቢጐዳ የሚከፍል የመድን ዋስትና ሊገባለት ያስፈልጋል። ከቤት ሲወጣ አፉ በአፍ ማሰሪያ መታሰር፥ አንገቱም በገመድ መያዝ አለበት፤ ገመዱን የሚይዘውም ዕድሜው ከ16 ዓመት ያላነሰ ሰው ነው። በቤትም ሲሆን እንዳያመልጥ ሆኖ መጠበቅ አለበት።

ቤት ተከራዩን የሚነካው ዋናው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ሕጉ «የሕዝብ ቦታ» ሲል መንገድንና መናፈሻን ብቻ ማለቱ አይደለም፤ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መኖሪያ ቤቶች ያሉበት ሕንጻ የጋራ ክፍሎችም በዚያ ውስጥ ይቈጠራሉ። እንግዲህ በፎቅ ቤት ለሚኖር ሰው ደረጃው፥ ኮሪደሩና አሳንሰሩ እንደ ጎዳና ናቸው ማለት ነው። ውሻው ከቤቱ ደጃፍ እግሩን ሲያወጣ አፉ ታስሮና በገመድ ተይዞ መሆን አለበት። ልጅ በሩን ከፍቶ ውሻው ለአንድ ደቂቃ ወደ ኮሪደሩ ቢሮጥ፥ ማንንም ባይነክስ እንኳ ሕግ ተጥሷል።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ አድራሻው ነው። የምስክር ወረቀቱ ባለቤትና ውሻው በአንድ አድራሻ መኖር አለባቸው፤ ውሻው በዓመት ከ30 ቀን በላይ በሌላ ቤት ሊያድር አይፈቀድም። ቤት ሲለወጥም አዲሱን አድራሻ ለመንግሥት ማስታወቅ ግዴታ ነው።

ችግሩ የሚጠናበት ስፍራ

አሁን አንድ ተከራይን በሐሳባችን እንመልከት። ውሻውን ሕጉ ሳይወጣ አሳድጎታል፤ አስመዝግቦታል፤ ግዴታውን ሁሉ ፈጽሟል። የቤቱ ባለንብረት ግን ቤቱን ሊሸጠው ነውና ተከራዩ መልቀቅ አለበት። ሌላ ቤት ሲፈልግ ፊተኛው አከራይ «ውሻ አልቀበልም» ይለዋል፤ ሁለተኛው «ትንሽ ውሻ ቢሆን ግድ የለም ነበር» ይለዋል፤ ሦስተኛው የውሻውን ስም ሲሰማ በሩን ይዘጋል።

ሌላ ዐይነት ውሻ ቢሆን ለወዳጅ ወይም ለዘመድ በሰጠው ነበር፤ የእንስሳት መጠለያም ወስዶ ለሌላ ቤተ ሰብ በሰጠለት ነበር። ኤክስ ኤል ቡሊን ግን መስጠትም መሸጥም ወንጀል ነው። የምስክር ወረቀቱ ወደ ሌላ ሰው ሊዛወር የሚችለው ባለቤቱ ሲሞት ወይም በጽኑ ሲታመም ብቻ ነው፤ ያውም በፍርድ ቤት ፈቃድ። ስለዚህ ያ ተከራይ ውሻውን የሚቀበል ቤት ካላገኘ የሚቀርለት ወይ ያለ ቤት መቅረት፥ ወይም ምንም ያላጠፋውን እንስሳ በሐኪም መርፌ ማስገደል ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ሲሆን ደግሞ ይህ ምን ያህል ኀዘን እንደሆነ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ዳሩ ግን የአከራዩንም ነገር ሳናይ ብናልፍ ፍርዳችን የተጣመመ ይሆናል። አከራዩ ወለሉ እንዳይቦጫጨቅ፥ ቤቱ እንዳይሸት፥ ጎረቤት እንዳይከሰው ይፈራል። በ2019 የወጣው ሕግ ደግሞ ከተከራይ የሚቀበለውን የመያዣ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ሳምንት ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኖበታል፤ ስለዚህ ስለ ውሻው ብሎ ተጨማሪ መያዣ መጠየቅ አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያው ሕንጻ የሌላ ሰው ሕፃን አለ። የዚያ ሕፃን እናት ደረጃውን በፍርሃት የምትወርድ ከሆነ ፍርሃቷን ማቃለል አይገባም።

በ2025 የወጣው የተከራዮች መብት ሕግ ለዚህ ጥቂት መፍትሔ አምጥቷል። በዚህ ሕግ መሠረት የግል ቤት ተከራይ እንስሳ ለማሳደር በጽሑፍ ይጠይቃል፤ አከራዩም በ28 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ በቂ ምክንያት ሳይኖረውም እምቢ ሊል አይችልም። ይህ ሥርዐት የሚጸናበት ቀን ተብሎ የተቈረጠው ሜይ 1 ቀን 2026 ነው። ነገር ግን ይህ መብት ለተከራይ የተሰጠ ነው እንጂ ገና ቤት ፈላጊ ለሆነ ሰው አይደለም። አከራይ ከብዙ አመልካቾች መካከል ውሻ የሌለውን መርጦ ቢያስገባ ይህ የጽሑፍ ጥያቄ አያስገድደውም።

ከባሕር ማዶ የተገኘ ትምህርት

በአሜሪካ አገር፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንድ፥ ነገሩ በሌላ መንገድ ታይቷል። በ2007 የአንድ ተከራይ ፒት ቡል አምልጦ አንድ ልጅን ክፉኛ አቈሰለ። ክሱ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ፥ በ2012 ፍርድ ቤቱ ፒት ቡል በተፈጥሮው አደገኛ ነው፤ ተከራዩ ይህን ውሻ መያዙን እያወቀ ዝም ያለ አከራይም ተጠያቂ ነው ሲል ፈረደ። አከራዮች ደነገጡ። በባልቲሞር ከተማ አንድ ትልቅ የመኖሪያ ማኅበር ነዋሪዎቹ ውሾቻቸውን እንዲያስወግዱ በደብዳቤ አዘዘ። በ2014 የግዛቱ ምክር ቤት በሕግ ያን ፍርድ ሻረው፤ ከዚያ ወዲህ ተጠያቂነቱ በውሻው ዘር ሳይሆን በማንኛውም ባለ ውሻ ላይ እንዲሆን ተደረገ።

በኮሎራዶ የምትገኘው የዴንቨር ከተማም ፒት ቡልን በ1989 ከልክላ ከቈየች በኋላ፥ በኖቬምበር 2020 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ክልከላውን በፈቃድ ወረቀት ለወጠው። እንግሊዝ ክልከላውን ስታሰፋ ዴንቨር አላላችው ማለት ነው። በእንግሊዝም ቢሆን በ1824 የተመሠረተው አር ኤስ ፒ ሲ ኤ የተባለው የእንስሳት ጠባቂ ማኅበር፥ ጥፋቱ በአሳዳጊው እንጂ በዘሩ አይደለም ሲል ሕጉን ይቃወማል። ሕጉን የሚደግፉት ደግሞ፥ ትንሽ ውሻ ቢነክስ ያቈስላል፤ ይህ ውሻ ቢነክስ ግን ይገድላል ሲሉ ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። የእኛም አሳብ ይህ ነው፦ ሕጉ ጸንቶ እስካለ ድረስ መጠበቅ አለበት፤ ነገር ግን ግዴታውን ሁሉ የፈጸመ ተከራይ በቤት እጦት ምክንያት ብቻ ውሻውን እንዳያስገድል፥ ፍርድ ቤት መርምሮ ለታመነ ሰው የሚያዛውርበት መንገድ ቢሰፋ መልካም ነበር።

ለቤተ ሰቦች የሚሆን ምክር

አንደኛ፥ ውሻ ከመያዝ አስቀድሞ የኪራይ ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል። ቋንቋው የሚከብድ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ያንብብልዎ።

ሁለተኛ፥ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ «ቤት ልለቅ ነው፥ ውሻዬን በነጻ ውሰዱት» ቢል ቸኩሎ መቀበል አይገባም። ውሻው ኤክስ ኤል ቡሊ ከሆነ ሰጪውም ተቀባዩም በሕግ ይጠየቃሉ፤ የተከለከለ ውሻ መያዝ እስከ ስድስት ወር እሥራትና መቀጮ ያመጣል።

ሦስተኛ፥ ውሻውን ከአከራይ መደበቅ ከንቱ ነው። ውሻ ይጮኻል፥ ይታያል፤ የተደበቀውም ሲገለጥ ተከራዩ ከነውሻው ታማኝነቱን ያጣል። የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል እንጂ በቃል ብቻ መተው አይበጅም።

አራተኛ፥ የምስክር ወረቀቱን፥ የመድኑን ሰነድ፥ ውሻው መኮላሸቱን የሚያረጋግጠውን የሐኪም ደብዳቤና የቀድሞ አከራይ ምስክርነት በአንድ ላይ አድርጎ ለአዲሱ አከራይ ማሳየት ነው። የተሰናዳ ወረቀት የአከራይን ፍርሃት ይቀንሳል።

አምስተኛ፥ ቤት ሲመረጥ የራሱ በር፥ የራሱ ጓሮና ጠንካራ አጥር ያለውን ማስቀደም ይገባል። የጋራ ደረጃ ያለበት ፎቅ ቤት ለእንዲህ ያለ ውሻ ዕለት ዕለት የፈተና ቦታ ነው።

ስድስተኛ፥ የማናቸውም ዘር ቢሆን ውሻንና ሕፃንን ያለ ጠባቂ ብቻቸውን መተው አይገባም። በእንግሊዝ አገር ማንኛውም ውሻ ከቍጥጥር ወጥቶ ሰው ቢገድል፥ በባለቤቱ ቤት ውስጥ እንኳ ቢሆን፥ እስከ 14 ዓመት እሥራት ያስፈርዳል።

ውሻ የኪራይ ውል አያነብም፤ የሕግ አንቀጽም አያውቅም። የሚያውቀው የሚያበላውን እጅና የሚጠራውን ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅ ውሻ ሲለምን ወላጅ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ይህ እንስሳ ዐሥር ዓመት ቢኖር፥ እኛም በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቤት ብንለውጥ፥ በሦስቱም ቤት የሚያስገባው በር እናገኝለታለን ወይ? የሚለው ነው። መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ፥ ዛሬ ለልጅ የሚነገረው እምቢታ ነገ በሐኪም ደጃፍ ከሚፈስሰው እንባ ይሻላል።