የአምባ እርከኖችና የሩጫ መስመር፦ በመቀሌና በሀገረ ሰላም ዙሪያ ያሉ የእግር መንገዶች ለተራራ ሩጫ ያላቸው ተስማሚነት

በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ባሉ መንደሮች አንድ የተራራ ሩጫ መስመር የሚገለጸው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ በርቀቱና በጠቅላላ የሽቅብ ከፍታው። ከፈረንሳይዋ ሻሞኒ ተነሥቶ የሞን ብላን ተራራን የሚዞረውና እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚካሄደው ታዋቂ ውድድር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀትና 10,000 ሜትር ገደማ ሽቅብ አለው ሲባል፣ ሯጩ ምን እንደሚጠብቀው በግምት ያውቃል። እነዚሁ ሁለት ቁጥሮች ከመቀሌ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለምትገኘው ለሀገረ ሰላም፣ ወይም በራሷ በመቀሌ ዳርቻ ላሉት ኮረብቶች ይበቃሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ቀላል መልስ የለውም። ትግራይ እንደ ምሩጽ ይፍጠርና ለተሰንበት ግደይ ያሉ ሯጮችን ያፈራች ብትሆንም ዝናቸው የተገነባው በዋናነት በመምና በአስፋልት ላይ ነው። የእግር መንገዶቹ እንደ ሩጫ መስመር ሲታዩ የተለየ መመዘኛ ይፈልጋሉ።

ምክንያቱ የመሬቱ አሠራር ነው። የመቀሌ አካባቢ መሠረት ከከተማዋ በስተደቡብ ካለው ከሕንጣሎ ስሙን ያገኘው የኖራ ድንጋይ ነው። በላዩ ለስላሳው የአጉላዕ ሼል ተነጥፏል፤ በሁለቱም ውስጥ ዶለራይት የተባለ ጥቁርና ጠንካራ ድንጋይ በቀለጠ መልኩ ሰርጎ ገብቶ ቀዝቅዟል። ወደ ደጉዓ ተምቤን ሲኬድ ደግሞ የአምባ አራዶም አሸዋ ድንጋይና ከእርሱም በላይ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልት ይገኛል። ጠንካራው ንብርብር በገደልነት ሲቆም ለስላሳው እየተሸረሸረ ሰፋፊ እርከን ይሠራል። ስለዚህ ተራራው እንደ ቁልል እህል ቀስ በቀስ የሚነሣ ሳይሆን እንደ ደረጃ ነው፤ ረጅም ሜዳ፣ ከዚያም ድንገተኛ ግድግዳ፣ ከዚያም ሌላ ሜዳ። የአካባቢው ሰው የእርከኑን ሜዳ ለእርሻና ለመንደር፣ ገደሉ የተሰበረበትን ጥቂት ቦታ ደግሞ ለመውጫና መውረጃ በርነት ይጠቀምበታል። የእግር መንገዶቹ ሁሉ ወደ እነዚህ በሮች ይሰበሰባሉ።

ይህ ቅርጽ በሩጫ ስሌት ላይ የሚያመጣው ለውጥ በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1892 ስኮትላንዳዊው ናይስሚዝ ያወጣው ቀላል ሕግ ለየ3 ማይሉ አንድ ሰዓት፣ ለየ2,000 ጫማ ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይመድባል፤ ወደ ሜትር ሲመለስ አንድ ሜትር ሽቅብ ከስምንት ሜትር ገደማ ሜዳ ጋር እኩል ነው ማለት ነው። በዚህ ሕግ 300 ሜትር ሽቅብ ያለው የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ እንደ 12.4 ኪሎ ሜትር ሜዳ ይቆጠራል፤ ሽቅቡ የት እንደሚገኝ ግን ሕጉ አይጠይቅም። ሚኔቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በተለያየ ተዳፋት የሚሮጥ ሰው ለእያንዳንዱ ሜትርና ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ የሚያወጣውን ጉልበት የሚያሰላ ቀመር አስገኝቷል። በቀመሩ መሠረት 300 ሜትሩ በ10 ኪሎ ሜትሩ ላይ እኩል ቢሰራጭ፣ ማለትም ተዳፋቱ ሦስት በመቶ ቢሆን፣ ጠቅላላ ወጪው በኪሎ ግራም 42 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ዘጠኙ ኪሎ ሜትር ሜዳ ሆኖ ሽቅቡ በሙሉ በአንዱ ኪሎ ሜትር ላይ ቢከማች ደግሞ ወደ 45 ኪሎ ጁል ይሆናል። ልዩነቱ ሲታይ ኢምንት ነው። ሆኖም በዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ተዳፋቱ ሠላሳ በመቶ በሆነበት፣ የእያንዳንዱ ሜትር ዋጋ ከሜዳው ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ይደርሳል፤ አብዛኛው ሯጭ መሮጡን ትቶ ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ ይራመዳል። ድምር ቁጥሩ ይህን ይሸፍነዋል። ለአምባ መሬት የሚጠቅመው ሦስተኛ ቁጥር እንግዲህ የበሮቹ ብዛትና የእያንዳንዱ በር ተዳፋት ነው።

በቁልቁለቱ ስሌቱ የባሰ ያታልላል። በዚያው ጥናት ዝቅተኛው የጉልበት ወጪ የተለካው ሃያ በመቶ ገደማ በሆነ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ሳንባ በሚያርፍበት በዚያ ቦታ ግን የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን የሚገታው፣ ቁርጭምጭሚትም የሚፈተነው ነው። በተምቤን በሮች ላይ ደግሞ እግር የሚያርፈው በተረጋጋ ድንጋይ ላይ አይደለም። በዚህ አምባማ አካባቢ በገደልና በገደል ግርጌ ስላለው የድንጋይ እንቅስቃሴ የተደረገ ጥናት፣ ስብርባሪው ወደ ታች የሚወርድበት አንዱ ዋና ምክንያት የከብት ኮቴ መሆኑን፣ እንቅስቃሴውም በግጦሽ መሬት ላይ ከተከለለው መሬት ይልቅ እጅግ ብዙ መሆኑን አሳይቷል። ሯጩ የሚወርድበት ጠጠር እንግዲህ ዘወትር የሚታደስ ነው፤ ዛሬ የጸዳው መተላለፊያ መንጋ ካለፈበት በኋላ ያው አይሆንም። በሜዳው እርከን ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ከባዛልት የተገኘው ዋልካ አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በሐምሌና ነሐሴ ጫማው ላይ እየተጣበቀ ያከብደዋል። አዝመራው እስኪሰበሰብ ድረስም መንገዱ በማሳ መካከል የሚያልፍ ቀጭን ድንበር እንጂ ጎን ለጎን የሚሮጡበት አይደለም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ በሁሉም ረገድ ይሻላል።

ለመቀሌ ነዋሪ ቅርቡ መለማመጃ በከተማዋ ምሥራቅ ያለው፣ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ የሚገኝበት የእንዳየሱስ ከፍታ ነው። እዚህ ዶለራይቱ ክብ ክብ ቋጥኝ እየሆነ ስለሚፈርስ እርምጃው አጭርና ንቁ መሆን አለበት። ቦታው አንድ ሌላ ነገርም ያስታውሳል። በጥር 1888 ዓ.ም. በዚህ ኮረብታ ላይ መሽጎ የነበረው በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራ የጣሊያን ጦር እንዲለቅ ያስገደደው ምሽጉ ፈርሶ ሳይሆን የእቴጌ ጣይቱ ሠራዊት የውኃውን ምንጭ ስለያዘበት ነው። ውኃ በከፍታው ላይ ሳይሆን በግርጌው ይገኛል፤ ለሯጭም ያው ነው። በአምባ ላይ የሚታቀድ መስመር ውኃ የሚያገኘው ወደ እርከኑ ግርጌ ሲወርድ፣ ማለትም ከሚቀጥለው ዳገት በፊት ስለሆነ፣ ጭነቱ የሚከብደው ልክ ሽቅቡ ሲጀምር ነው።

የከፍታው ተጽዕኖ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ክርክር ያስነሣል። በ2,600 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ፣ ስለዚህም የሚተነፈሰው ኦክስጅን ግፊት፣ በባሕር ጠለል ካለው 73 በመቶ ያህል ነው። በዚያ ተወልዶ ላደገ ይህ የተለመደ ነው፤ ከቆላ ለሚመጣ እንግዳ ግን ከላይ የተሰላው የበር ዋጋ ሁሉ ይጨምራል።

ከሯጩ ደኅንነት ባልተናነሰ የሚያሳስበው መስመሩ በመሬቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በትግራይ ደጋ ገበሬዎች በነጻ ጉልበታቸው የሠሩት የድንጋይ እርከን በእርሻ መሬት ላይ የሚታጠበውን አፈር በ68 በመቶ እንደሚቀንስ በሜዳ ልኬት ተረጋግጧል። በሀገረ ሰላም አጠገብ ባለው የማይ ዘግዘግ ተፋሰስ ደግሞ ከጥበቃ ሥራው በኋላ ቀጥተኛው የጎርፍ መጠን በ81 በመቶ ቀንሷል። ይህ ውጤት የቆመው ሰው በእጁ ደርድሮ ባስቀመጣቸው ድንጋዮች ላይ ነው። ሯጭ አቋራጭ ፈልጎ እርከኑን ሲዘል ሁለት ድንጋይ ቢያንከባልል ጉዳቱ እዚያው አይቀርም፤ ጎርፍ በክፍተቱ ይሰበሰባል፣ በቀጣዩ ክረምት ቦይ፣ ብሎም ቦረቦር ይሆናል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢያልፍ የሚታይ ነገር የለም፤ በየዓመቱ መቶዎች የሚሮጡበት ምልክት የተደረገበት መስመር ግን ሌላ ነው። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ የተከለሉ ተራራዎችም በተመሳሳይ ይታያሉ። ጥላቸውና የረጋው ጠጠራቸው ሯጭን ይጋብዛል፤ ይሁንና መንደሩ ከብቶቹን ወደዚያ እንዳይሰድ በራሱ ሕግ አግዶ እንግዳ በሜዳሊያ ስም እንዲገባ ቢፈቀድ፣ ሕጉን በእረኛው ፊት ማስከበር ይከብዳል። ስለዚህ መስመሩ በክልሉ ዳር እንጂ በመካከሉ ባያልፍ ይመረጣል፤ ርቀቱ ቢረዝምም።

ለደጉዓ ተምቤን የእግር ጉዞ መስመሮች መነሻ የሚሆን ሰነድ አለ። በያን ኒሰን፣ በሚሮ ያኮብና በአማውሪ ፍራንክል አርታኢነት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው መጽሐፍ የወረዳውን ሥነ ምድር፣ ዕፅዋትና የጉዞ መስመሮች በዝርዝር ይዟል። መጽሐፉ የተዘጋጀው ግን ከጦርነቱ በፊት ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ተምቤን ውጊያ ከተካሄደባቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ ያልፈነዱ ተተኳሾችም በትግራይ ገጠር ሰው፣ በተለይም ሕፃናትን፣ መጉዳታቸውን አላቆሙም። የአምባ በሮች ለሯጭና ለመንጋ መተላለፊያ እንደሆኑ ሁሉ ለጦርም ቁልፍ ቦታዎች ናቸው። ስለሆነም የቆየ ካርታ ላይ ያለን መስመር እንዳለ ወስዶ ምልክት መትከል አይቻልም። መጀመሪያ በዘርፉ የሠለጠኑ ባለሙያዎች መንገዱን ማጽዳታቸው መረጋገጥ አለበት፤ ከዚያም በየበሩ ያሉ እረኞችና ገበሬዎች የትኛው መንገድ ከጦርነቱ ወዲህ በየዕለቱ ሰውና ከብት እንደሚመላለስበት፣ የትኛው እንደተተወና ለምን እንደተተወ ሊጠየቁ ይገባል። በካርታ ላይ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ነጠብጣብ መስመር ነው የሚታዩት።