ሐኪሙ ስለ ጠመንጃ ሲያነሣ፦ በምዕራብ ጎጃም የሚባለውና እውነታው

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ውስጥ ሳል የያዘው ገበሬ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የማይጠየቀው የለም። የምትተኙበት ቤት ውስጥ እሳት ይነዳል? ከብቶቹ የት ያድራሉ? አጎበር አላችሁ? ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? ሁሉም የጓዳ ጉዳይ ነው፤ ሆኖም በሽታው ከዚያ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ማንም ቅር አይለውም። በዚያው ቤት ጥይት ጎርሶ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ክላሽ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። የሚነሣው ልጁ ወይም ጎረቤቱ በቃሬዛ ከመጣ በኋላ ነው።

የሕክምና ተማሪ የጥይት ቁስል እንዴት እንደሚታጠብ፣ የሚደማ ሥር እንዴት እንደሚታሰር፣ ደም የሞላው ደረት ውስጥ ቱቦ እንዴት እንደሚገባ ይማራል። ቁስሉ ከመድረሱ በፊት ከመሣሪያው ባለቤት ጋር መነጋገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአሜሪካ ይህንን ሙያ ለተማሪዎች ማስተማር ተጀምሯል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችና ተማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ሴፍ የተባለ ማኅበር መሥርተዋል፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ደግሞ ቡሌት ፖይንትስ የተባለ ፕሮጀክት ለጤና ባለሙያዎች ማስተማሪያ ያዘጋጃል። ጎጃም ለዚህ ትምህርት ያለው ምክንያት ከአሜሪካ አያንስም። ጠመንጃ በዚህ አገር የአባት ውርስ፣ የከብት ጠባቂ፣ የሠርግና የለቅሶ ማድመቂያ ነው። የሚያሳዝነው ባለቤቱንና ሐኪሙን የሚያራርቁት እምነቶች በሁለቱም ወገን መኖራቸው ነው።

«ሐኪም ቁስሉን ያክም፤ ጠመንጃው ምን አገባው?»

ይህ አባባል የጎጃም ብቻ አይደለም። የፍሎሪዳ ግዛት በ2011 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ታማሚን ስለ መሣሪያ እንዳይጠይቁ የሚገድብ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ዋና ዋና ድንጋጌዎቹን ሻራቸው። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር ሐኪሞች በማያገባቸው እንዳይገቡ ሲናገር፣ በየሆስፒታሉ ያሉ ቀዶ ጠጋኞች ደም የነካውን ልብሳቸውን ፎቶ እያነሡ «ይህ ጉዳያችን ነው» ብለው መለሱ።

በኢትዮጵያ ግን ክርክሩ ከተዘጋ ቆይቷል ማለት ይቻላል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ባለሙያ ያሠለጠነው በሽታን ከቤትና ከመንደር እንዲከላከል ነው። የዚያ ልማድ ልጅ የሆነው የቡድን ሥልጠና ዛሬም ተመራቂ ተማሪዎችን ከሆስፒታል አውጥቶ ጤና ጣቢያና ቀበሌ ያወርዳል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ምድጃ ይመክራሉ። ምድጃው የሕክምና ጉዳይ ከሆነ፣ ከምድጃው አጠገብ የቆመው ጠመንጃ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

«ሐኪሙ ከጠየቀ መዝግቦ ለመንግሥት ያሳልፋል»

ይህኛው በአንድ ቃል ውድቅ የሚደረግ አይደለም። የጎጃም ገበሬ የመንግሥት ሰው መዝገብ ይዞ ሲመጣ ግብር ወይም ትጥቅ ማስፈታት አብሮ እንደሚመጣ ይጠረጥራል፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ያመፀ ሕዝብ ነው። በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ጦርነት ጥርጣሬውን አብሶታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች እንደተገደሉ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ አስታውቋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2016 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ደግሞ በአማራ ክልል የፋኖ ቁስለኛ አክማችኋል ተብለው የተደበደቡና የታሰሩ የጤና ባለሙያዎችን ታሪክ ይዘረዝራል። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ታማሚው ካርዱ ማን እጅ እንደሚገባ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ሰው ይቀጣል። መሣሪያ መመዝገብና ፈቃድ መስጠት በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት የፖሊስ ሥራ እንጂ የሆስፒታል አይደለም። ይሁንና ሕግ ጠቅሶ ብቻ አመኔታ አይገኝም፤ ከዚህ ላይ ነው የተማሪው ሥልጠና የሚጀምረው።

የመጀመሪያው ትምህርት የማይጠየቀውን ማወቅ ነው። «ጠመንጃ አለዎት?» የሚለው ጥያቄ ለሐኪሙ ቀላል ቢመስልም ለገበሬው የፖሊስ ጥያቄ ነው። ስንት እንዳለው፣ ዓይነቱ ምን እንደሆነ፣ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ለሕክምናው አንዳች አይጠቅምም። የሚጠቅመው አቀማመጡ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሐኪም እንዲህ ቢል ይሻላል፦ «አባቴ፣ በዚህ አገር መሣሪያ ያለበት ቤት ብዙ ነው። እርስዎ ዘንድ ይኑር አይኑር አልጠይቅዎትም፤ አልጽፍምም። ልጆች ባሉበት ቤት እንዴት ቢቀመጥ ይሻላል ይላሉ?» አዛውንቱ አለኝም የለኝም ሳይሉ ሊመልሱ ይችላሉ። ስለ ጎረቤታቸው እያወሩ ስለ ራሳቸው ቤት ያስባሉ። ውይይቱ እዚያው ከሰመረ፣ ካርዱ ላይ «ስለ ቤት ውስጥ አደጋ ምክር ተሰጥቷል» ከሚል መስመር ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ሁለተኛው ትምህርት ጊዜንና ቦታን መምረጥ ነው። አጃቢ፣ ጎረቤት ወይም የታጠቀ ሰው ባለበት ክፍል ይህ ወሬ አይነሣም። ይህን ማንም በተፈጥሮው አያውቀውም፤ በልምምድ የሚገኝ ነው። አንዱ ተማሪ ገበሬ፣ ሌላው ሐኪም ሆኖ ደጋግሞ መሞከር፣ በመምህሩ መታረም፣ ከዚያም ኦስኪ በሚባለው የተግባር ፈተና መመዘን ይቻላል። የደረት ድምፅ ማዳመጥም የሚለመደው እንደዚሁ ነው።

«ልጄ የት እንዳለ አያውቅም፤ ቢያውቅም እንዳይነካ መክሬዋለሁ»

ወላጆች ይህን ሲሉ ከልባቸው ነው፤ ማስረጃው ግን ይቃረናቸዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት ወላጆችና ልጆች ለየብቻ ተጠየቁ። ልጆቻችን መሣሪያው የተቀመጠበትን ቦታ አያውቁም ካሉት ወላጆች 39 በመቶ የሚሆኑትን የገዛ ልጆቻቸው አስተባበሏቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 64 ወንዶች ልጆችን በሁለትና በሦስት እየቧደነ፣ እውነተኛ ነገር ግን እንዳይተኩስ የተደረገ ሽጉጥ መሳቢያ ውስጥ በተደበቀበት ክፍል አስቀመጣቸው። ከ29 ቡድኖች 21ዱ ሽጉጡን አገኙት፤ 16ቱ በእጃቸው ያዙት፤ በ10ሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ልጅ ምላጩን ሳበ። ሽጉጡን ከነኩት ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስለ መሣሪያ አደጋ ቀድሞ ተመክረው ነበር።

የልጅ ጉጉት ከምክር ይበረታል። የጎጃም ልጅ ደግሞ አባቱ በፉከራና በቀረርቶ መካከል ጠመንጃ ሲያነሣ እያየ ያድጋል፤ እንደ ጀግና ሊይዘው ቢመኝ አይገርምም።

እዚህ ላይ «ባዶ ነው» የሚባለውም አብሮ መታረም አለበት። ክላሽ ካዝናው ስለተነቀለ ብቻ ባዶ አይሆንም፤ የጎረሰችው አንዲት ጥይት ውስጥ ትቀራለች። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ መጀመሪያ ካዝናውን መንቀል፣ ከዚያ መቀርቀሪያውን ስቦ ውስጡን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት አራት ልማዶችን ለየብቻ መዝኖ ነበር፦ መሣሪያውን መቆለፍ፣ ጥይት አውጥቶ ማስቀመጥ፣ ጥይቱን መቆለፍ፣ ጥይቱንና መሣሪያውን ማለያየት። አራቱም ልጆችና ወጣቶች በመሣሪያ የመጎዳታቸው ዕድል ከማነሱ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ለዚህ የብረት ካዝና መግዛት የግድ አይደለም። በጓጉንቸር የሚቆለፍ ሳጥን ለጥይቱ፣ ከምሰሶው ጋር የሚታሰር ሰንሰለት ለጠመንጃው ይበቃል፤ ቁልፉ ግን ልጆች በሚያውቁት ምስማር ላይ መንጠልጠል የለበትም።

«ራሱን ሊያጠፋ የቆረጠ ሰው በምንም አይመለስም»

ብዙ ነፍስ የሚያስከፍለው እምነት ይህ ነው፤ ሐኪሞችም ጭምር ያምኑታል። እውነታው እንዲህ ነው። ራስን የመግደል ሐሳብ በአብዛኛው የሚበረታው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ሞክረው ከተረፉት 10 ሰዎች 9 ያህሉ በኋላ ሕይወታቸው በዚህ መንገድ አያልፍም። ጠመንጃ ግን ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው በመሣሪያ ከሞከሩት 90 በመቶ ገደማው ይሞታሉ፤ በመድኃኒት ከሞከሩት ግን 2 በመቶ ገደማው ብቻ። የእስራኤል ጦር በ2006 እ.ኤ.አ. ወታደሮች ለእረፍት ቀናት ጠመንጃ ይዘው ቤት እንዳይሄዱ ሲከለክል ራሳቸውን የሚያጠፉ ወታደሮች ቁጥር በ40 በመቶ ወረደ። ስሪላንካም እጅግ መርዛማ የሆኑ የተባይ ኬሚካሎችን በየተራ ካገደች በኋላ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ራስን የማጥፋት መጠን በ70 በመቶ ያህል ቀንሷል። ኬሚካልና ጥይት በአንድ ጣራ ሥር ለሚገኙበት የቡሬና የወምበርማ በቆሎ አምራች ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

«ከጠየቅሁት ሐሳቡን አስታውሰዋለሁ» የሚለው የተማሪዎች ፍርሃትም መሠረት የለውም። ጥናቶችን የሰበሰበ የ2014 እ.ኤ.አ. ግምገማ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያባብስ አሳይቷል። ኢትዮጵያ ቀድማ ከሞከሩት አገሮች አንዷ የሆነችበት የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤችጋፕ መመሪያም ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ በግልጽ እንዲጠይቅና መጉጃውን ከሰውየው እንዲያርቅ ያዛል። ተማሪው መማር ያለበት ለባለቤቱ ወይም ለወንድሙ «ይህ ጨለማ እስኪያልፍለት ቁልፉን እርስዎ ይያዙት» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚናገር ነው። አበልጅና የነፍስ አባትም ለዚህ ይሆናሉ። ዘላለም ይወሰድበት የሚል የለም፤ ለጥቂት ሳምንታት ነው።

«ወደ ሰማይ የተተኮሰ ማንን ይጎዳል?»

የወጣ ጥይት ይመለሳል። በሎስ አንጀለስ በአንድ ሆስፒታል ከ1985 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ከሰማይ በወደቀ ጥይት ተመትተው 118 ሰዎች ታክመዋል፤ 38ቱ ሞተዋል። የሠርጉ ወቅት ጥር ነው፤ አረቄውም ተኩሱም የሚበዛው ያኔ ነው። የቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ላለች እናት ወይም ሙሽራ ሊድር ለተዘጋጀ አባት ይህን አስቀድሞ መናገር ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

«ጠመንጃ ቤት ይጠብቃል»

በዚህ ላይ ሐኪሙ መከራከር የለበትም። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት በቤት ውስጥና በቤት አካባቢ ራስን ለመከላከል ለተተኮሰ አንድ ጥይት 22 ተኩሶች በአደጋ፣ በጠብ ወይም ራስን በመጉዳት እንደደረሱ ቆጥሯል። ነገር ግን ሽፍታ የዘረፈው፣ ፖሊስ የማይደርስለት የሰከላ ወይም የቋሪት ገበሬ ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ የባዕድ አገር ቁጥር ስለጠቀሱለት አይተወውም። ሊያዳምጥ የሚችለው ጠባቂ የተባለው መሣሪያ የራሱን ልጅ እንዳይጎዳ የሚያደርግ ምክር ሲሰጠው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ አጭር ምክር ከነጻ መቆለፊያ ጋር ከሕፃናት ሐኪም የተሰጣቸው አሜሪካውያን ቤተሰቦች፣ ካልተሰጣቸው በበለጠ መሣሪያቸውን መቆለፋቸውን አሳይቷል። ምክሩ ከነቁልፉ ቢሰጥ እዚህም ሊሠራ ይችላል።

ለዚህ ውይይት መነሻው የክትባት ቀጠሮ ሊሆን ይችላል። ሕፃን የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ፣ ሁለተኛውን በ15 ወሩ ይወስዳል፤ በመካከሉ ቆሞ መሄድ ይጀምራል፤ እጁም የጥይቱ ሳጥን ላይ ይደርሳል። ተማሪው በ9ኛው ወር ስለ መሣሪያ አቀማመጥ ጠይቆ ቢመክር፣ በ15ኛው ወር ያችው እናት ስትመለስ ምን እንደተቀየረ መጠየቅ ይችላል።