ወጣት ተመራማሪና ያልተሳካ ሙከራ፦ ከእርጅና ጥናት ታሪክ

ለእርጅና ምርምር ወጣት ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲታሰብ በቅድሚያ የሚነሣው የመሣሪያና የገንዘብ ጉዳይ ነው። ከዚህ ባልተናነሰ የሚወስነው ግን የተማሪው ውጤት ከታወቀው ትምህርት ጋር ሲጋጭ አማካሪ መምህሩ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም አሌክሲስ ካረል እ.ኤ.አ. በ1912 በኒው ዮርክ ከዶሮ ፅንስ ልብ የወሰዷቸውን ሕዋሳት በመስታወት ዕቃ ማራባት ጀመሩ። ሕዋሳቱ ካረል ካረፉ በኋላ ጭምር እስከ 1946 ተራቡ ስለተባለ፣ ከሰውነት የተለየ ሕዋስ አያረጅም የሚለው አስተሳሰብ እንደ ሕግ ተቆጠረ። በሌላ ላቦራቶሪ ሕዋስ ሲሞት ጥፋቱ በሠራተኛው እጅ፣ በምግቡ ወይም በንጽሕና ጉድለት ይሳበብ ነበር። በዚህ ሳቢያ ስንት ትክክለኛ ምልከታ እንደ ስሕተት ተጥሎ እንደቀረ ማን ይቆጥረዋል?

ሊዮናርድ ሄይፍሊክም በፊላዴልፊያ የሰው ፅንስ ሕዋሳት መራባት ሲያቆሙባቸው መጀመሪያ የጠረጠሩት የራሳቸውን አሠራር ነበር። መዝገባቸውን ሲመረምሩ ግን በአንድ እጅና በአንድ ዓይነት ምግብ ከተያዙት መካከል የቆሙት ብዙ ጊዜ የተከፈሉት ብቻ ሆነው ተገኙ። ከፖል ሙርሄድ ጋር በመሆን ብዙ ጊዜ የተከፈሉ የወንድ ሕዋሳትን ጥቂት ጊዜ ከተከፈሉ የሴት ሕዋሳት ጋር በአንድ ዕቃ ቀላቀሉ። በመጨረሻ የተረፉት በክሮሞዞማቸው የተለዩት የሴቷ ሕዋሳት ነበሩ፤ ምክንያቱ የምግብ ጉድለት ወይም ቫይረስ ቢሆን ሁለቱም በጠፉ ነበር። ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ተከፍሎ እንደሚቆም የሚገልጸው ጽሑፍ በአንድ መጽሔት ተቀባይነት ካጣ በኋላ በ1961 በሌላ ታተመ።

ትምህርቱ ለአማካሪ ግልጽ ነው። የላቦራቶሪ አይጥ እንኳ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ስለሚኖር የዕድሜ ልክ ጥናት ተማሪው ከመመረቁ በፊት በቀላሉ አይደገምም። ስለዚህ የሞተውም ሕዋስ ቀን፣ የመከፈል ብዛትና አያያዝ በዝርዝር ሊመዘገብና በሳምንታዊው ውይይት ከተሳካው እኩል ሊቀርብ ይገባል።

ተቃራኒው አደጋም አለ፤ እርሱም ለአዲስ ግኝት መቸኮል ነው። በበርክሌይ የዶክትሬት ተማሪዋ ካሮል ግሬይደር ቴሎሜርን የሚያረዝም ኢንዛይም ምልክት በራጅ ፊልም ላይ ያዩት በ1984 የፈረንጆች ገና ዕለት ነበር። እርሳቸውና አማካሪያቸው ኤሊዛቤት ብላክበርን ግን ውጤቱ የሌላ የታወቀ ኢንዛይም ሥራ እንዳልሆነ በተደጋጋሚ ፈትነው ያሳተሙት በ1985 መጨረሻ ነው። በ1990 ግሬይደርና ባልደረቦቻቸው የሰው ፋይብሮብላስት ቴሎሜር ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር እንደሚያጥር አሳዩ፤ ሄይፍሊክ በመዝገባቸው ያገኙት ገደብም በዚህ ማብራሪያ አገኘ።