ሞገድን የሚመራ ግድግዳ

በሜልበርን ከተማ፣ በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልበርን፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ባለ 20 ፎቅ የመንግሥት ሕንፃዎች አሉ። ሕንፃዎቹ የተገጣጠሙት በሆልምስግሌን ፋብሪካ ተዘጋጅተው ከመጡ የኮንክሪት ሰሌዳዎች ነው። ኮንክሪቱ ነፋስ ይከላከላል፤ የስልክ ሞገድንም እንዲሁ። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2021 በአውስትራሊያ ለጨረታ የቀረበው የ26 ጊጋኸርዝ ሞገድ፣ የስልክ ኩባንያው ቴልስትራ ብቻውን 277 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የከፈለበት፣ ብዙ መረጃ በፍጥነት ቢሸከምም ግድግዳ ፊቱ ሲቆም ይረታል። ርዝመቱ ከ12 ሚሊሜትር ስለሚያንስ ሕንፃን ዞሮ ከጀርባው መድረስ አይሆንለትም።

የቴሌኮም መሐንዲሶች ይህን ችግር ሲታገሉ የኖሩት ከሁለት ጫፍ ነው፤ ከማማውና ከስልኩ። ማማው ላይ የተደረደሩ ትንንሽ አንቴናዎች አንዱን ምልክት እጅግ ጥቂት በሆነ የጊዜ ልዩነት ሲለቁት ሞገዶቹ በአንድ አቅጣጫ ይደጋገፋሉ፣ በሌላው ይጠፋፋሉ። ጉልበቱ በየአቅጣጫው መበተኑ ቀርቶ ወደ ተፈለገው ስልክ ያነጣጥራል። ቢምፎርሚንግ የሚባለው ይህ ነው። በመካከል ያለው ሕንፃ፣ መስኮትና ዛፍ ግን የማይነካ ዕጣ ተደርጎ ቆይቷል።

መካከሉንም ማዘዝ ይቻላል የሚለው ሐሳብ የወለደው መሣሪያ ሪኮንፊገራብል ኢንተለጀንት ሰርፌስ ይባላል፤ እዚህ ብልህ ገጽ እንበለው። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ ላዩ ላይ እያንዳንዳቸው ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ የማይበልጡ የብረት ክፍሎች ተሰድረዋል። በየክፍሉ ያለችው ዳዮድ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ሲቀያየርባት ክፍሉ የሚመልሰው ሞገድ ጥቂት ይዘገያል ወይም ይፈጥናል። ተራ ግድግዳ ሞገድን በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሃርቫርዱ የፌዴሪኮ ካፓሶ ቡድን ገጹን ከቦታ ቦታ በመለያየት ይህን ማዕዘን መለወጥ እንደሚቻል አሳየ፤ በ2014 ደግሞ በናንጂንግ ትዬ ጁን ኩዪና ባልደረቦቹ እያንዳንዱን ክፍል በ0 እና በ1 በኮምፒውተር የሚታዘዝ አደረጉት።

በ26 ጊጋኸርዝ አንድ ካሬ ሜትር ገጽ ወደ 30,000 የሚጠጉ ክፍሎች ይይዛል። አንድ ክፍል ብቻውን ከንቱ ነው። ክፍሎቹ ሲስማሙ ግን፣ በሠርግ ላይ የተበታተነው ጭብጨባ አንድ ሆኖ አዳራሹን እንደሚያናውጠው፣ ሞገዶቹ ስልኩ ጋ እኩል ይደርሳሉ። የክፍሎቹን ቁጥር እጥፍ ብናደርግ ስልኩ የሚያገኘው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ገጹ የሚሰበስበው ሞገድ እጥፍ ሲሆን፣ የማነጣጠር ኃይሉም እጥፍ ይሆናልና። በየክፍሉ ሁለት አማራጭ ብቻ ካለ ፍጹም ከሆነው ቅንብር 40 በመቶ ያህሉ ይተርፋል፤ አራት አማራጭ ካለ ወደ 81 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል ውድ መቆጣጠሪያ መግዛት አያስፈልግም። ገጹ ማጉያ ስለሌለው የሚበላው ኤሌክትሪክም ጥቂት ነው።

ጭንቁ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው። ገጹ ራሱ አይሰማም፤ ሞገድ ከየት እንደመጣና ስልኩ የት እንዳለ የሚለካ መቀበያ የለውም። ማማው የእያንዳንዱን ክፍል መንገድ ከሩቅ ሆኖ፣ ስልኩ ከሚልክለት ምልክት ብቻ ማስላት አለበት። ጊዜውም አጭር ነው፦ በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመድ ሰው አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት የሚያልፈው ከ12 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። 30,000 መንገድ ተለክቶ ሳያልቅ ሰውየው ሄዷል። መሐንዲሶች ሁለት ዘዴ ያበጁት ለዚህ ነው። አንደኛው ቅንብሮችን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ተራ በተራ መሞከርና የተሻለውን መያዝ ነው። ሁለተኛው ሥራውን እንደ ለውጡ ፍጥነት መከፋፈል ነው፤ ገጹ ቶሎ የማይለወጠውን የሰፈሩን አቀማመጥ ተከትሎ በዝግታ ይቀየራል፣ ማማው ፈጣኑን ለውጥ ይይዛል። እኔ ተስፋ የምጥለው በሁለተኛው ነው፤ ሕንፃ አይራመድምና።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ሞገዱ ከማማ እስከ ገጽ፣ ከገጽ እስከ ስልክ ሁለት ጊዜ ይዳከማል፤ ሁለቱ ድካሞች የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አይደሉም። ገጹ መሀል መንገድ ላይ ሲሰቀል ጥቅሙ ዝቅ ይላል፤ የሚያዋጣው ወደ ማማው ወይም ወደ ተጠቃሚው ሲጠጋ ነው። የጃፓኑ ዶኮሞና የመስታወት አምራቹ ኤጂሲ በ2020 ይፋ ያደረጉት ሙከራ ደስ የሚያሰኘኝም ለዚህ ነው፤ የተሞከረው በ28 ጊጋኸርዝ ሞገድን እንዲያሳልፍ ወይም እንዲመልስ የሚታዘዝ ግልጽ ገጽ ነው፤ መስኮት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከምሕንድስናው ይልቅ የሚያሳስበኝ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ሜልበርን ላይ ቴልስትራ፣ ኦፕተስና ቮዳፎን በአንድ ጎዳና ያገለግላሉ። ለአንዱ የተቀናበረ ገጽ የሌላውን ሞገድ ሳይጠየቅ ወደማይፈለግበት ሊመልሰው ይችላል። የአውሮፓው የደረጃ አውጪ ድርጅት ኤትሲ በ2021 ለብልህ ገጾች የጥናት ቡድን አቋቁሟል፤ የሕንፃው ባለቤትና ነዋሪው ግን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ያስፈልጋቸዋል።

የቪክቶሪያ መንግሥት በ2023 የፍሌሚንግተንንና የሰሜን ሜልበርንን ሕንፃዎችና መሰሎቻቸውን፣ በድምሩ 44 ሕንፃዎችን፣ እስከ 2051 አፍርሶ እንደሚተካ አስታውቋል። ለአዲሶቹ ሕንፃዎች የግድግዳና የመስኮት ንድፍ ሲወጣ ለገጹ የሚሆን ቦታ፣ የኤሌክትሪክና የመቆጣጠሪያ ሽቦ መተላለፊያ አብሮ እንዲታሰብ እጠይቃለሁ፤ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ቢሰረሰር ወጪው በመጨረሻ ኪራይ ከፋዩ ላይ ሊያርፍ ይችላል።