ለጥምቀት የጠበበ ጫማ

ከ18 ማዞሪያ ወደ መርካቶ በሚጭን ሚኒባስ ውስጥ በጣም ረጅም ጎረምሳ ሲገባ ወያላው ጋቢና ሊያስቀምጠው ይሞክራል፤ ኋላ ከተቀመጠ ጉልበቱ የፊቱን ወንበር ይገፋል። ኮልፌ የአጠና ተራ አገር ስለሆነ ቀልዱም ከዚያው ይወጣል፤ «ከአጠና ተራ አምልጠህ ነው?» ይባላል። ልጁ ይስቃል። ምን ያድርግ!

ቁመት እኛ ዘንድ ሙገሳ ነው። ልጇን ሎጋ፣ መለሎ እያሉ የሚያሞግሱላት እናት ሐኪም ቤት ለምን ትሄዳለች? አብዛኛውን ጊዜም ልክ ናት። የጋምቤላ ኑዌሮች በቁመታቸው የታወቁ ናቸው፤ ያ ዘር እንጂ ሕመም አይደለም። እኔ ግን ከቁመቱ ይልቅ ጫማውን ባየው እመርጣለሁ። ለመስከረም የተገዛ ጫማ ሶሉ ሳይበላ ለጥምቀት ከጠበበ፣ ልጁም እኩዮቹን በአንዴ ጥሏቸው ከሄደ፣ ራሱንም የሚያመው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ፒቱታሪ የሚባል አተር የሚያህል ዕጢ አለ። የእድገት ሆርሞን የሚያመነጨው እሱ ነው። አንዳንዴ ካንሰር ያልሆነ እባጭ ይወጣበትና ሆርሞኑን ያለ ልክ ይለቀዋል። የረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው የእድገት መስመር ጉርምስና አልቆ እስኪዘጋ ድረስ አጥንቱ መርዘሙን ይቀጥላል፤ ጃይጋንቲዝም ይሉታል። ከተዘጋ በኋላ የጀመረው ሰው ግን አይረዝምም፤ እጁ፣ እግሩና አገጩ እየገዘፈ ይሄዳል፤ ያ አክሮሜጋሊ ነው። እባጩ ወደ ላይ ካደገ ደግሞ የዓይን ነርቮች መገናኛ ላይ ይጫንና የግራና የቀኝ ዳር እይታን ይጋርዳል። ፊት ለፊት አጥርቶ የሚያይ ልጅ አስፋልት ሲሻገር ከጎን የሚመጣውን ታክሲ ላያየው ይችላል።

በታሪክ በሕክምና ተለክቶ የተመዘገበው ረጅሙ ሰው፣ አሜሪካዊው ሮበርት ዋድሎ፣ 272 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ለሞት ያበቃው የእግሩ ጣጣ ነው። ለድጋፍ የታሰረለት ብረት ቁርጭምጭሚቱን ላጠው፤ እግሩ ስሜት እያጣ ስለነበር ልብ አላለውም፤ ቁስሉ አመረቀዘና በ1940 እ.ኤ.አ. በ22 ዓመቱ አረፈ።

በዘመኑ እድገቱን የሚያስቆምለት አስተማማኝ ሕክምና አልነበረም። ዛሬ ምርመራው ራሱ ደስ ይላል፦ በባዶ ሆድ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይጠጣል። የጤነኛው የእድገት ሆርሞን ስኳሩ ሲገባ ዝቅ ይላል፤ የታማሚው አልወርድም ይላል። ከዚያ ኤም አር አይ ይነሳል። ቀዶ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የራስ ቅል ሳይከፍቱ በአፍንጫ ቀዳዳ ገብተው እባጩን ያወጣሉ፤ ካልበቃ መርፌ ወይም ጨረር ይታከላል። 251 ሴንቲ ሜትር የሆነው የቱርኩ ሱልጣን ኮሰን በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጨረር ከተሰጠው በኋላ እድገቱ ቆሟል።

የጨመረው ቁመት አይመለስም። ልጁ የቤቱን በር ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ሚኒባስ ውስጥም ጋቢናውን ይለምናል። የዘንድሮ ጫማው ግን ለከርሞም ይሆነዋል።