ከከብት ምልክት እስከ ሻንሲ ቁጥር፦ የተሰረቀ ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት ለባለቤቱ የሚመለስበት መንገድ

ስለ ብስክሌት ስርቆት ሲነገር ጉዳዩ ሌባውን ከመያዝ ያለፈ አይመስልም። ንብረቱ ከተገኘ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይከብዳል፤ ይህ ብስክሌት የማን ነው? በአንድ ገበያ አንድ ዓይነት ሥሪትና አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ብስክሌቶች በብዛት በሚሸጡበት ከተማ «የእኔ ነው» የሚል ሰው ቃሉን የሚደግፍበት ማስረጃ ከሌለው ንብረቱን ዐይኑ እያየ ሊያጣው ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193 ግዙፍነት ያለውን ተንቀሳቃሽ ነገር በእጁ ያደረገ ሰው የነገሩ ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። ግምቱ በማስረጃ የሚፈርስ ቢሆንም የማፍረሱ ሸክም የሚያርፈው በተሰረቀበት ሰው ላይ ነው።

ሕጉ በዚህ አያበቃም። ከአንቀጽ 1161 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ዋጋ ከፍሎ በቅን ልቦና ዕቃ የገዛን ሰው ይጠብቃሉ፤ የተሰረቀ ነገር ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ስለሆነ ባለቤቱ ከቅን ገዢም ቢሆን ሊያስመልሰው ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ገዢው ዕቃውን ያገኘበት ቦታ ሲታይ ነው። በዚያ ዓይነት ዕቃ ከሚነግድ ነጋዴ፣ ከሕዝብ ገበያ ወይም ከሐራጅ የገዛ ቅን ገዢ የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ባለቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ለገበያው መተማመን የሚያስፈልግ ሚዛን ነው ሊባል ይችላል። በብስክሌቱ ወተት ወይም እንጀራ እያመላለሰ ለሚተዳደር ሰው ግን ትርጉሙ አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። ስለዚህ የንብረት ማስመለስ ጉዳይ የተሰረቀው ዕቃ ገበያ ከመድረሱ በፊት መለየት መቻሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በደቡብ ቆላማ አካባቢዎች ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ለረጅም ዘመን ሲጠየቅ የኖረው ግን ስለ ከብት ነው። በቦረናና በጉጂ አርብቶ አደሮች ዘንድ ከብት በቀለሙ፣ በቀንዱ ቅርጽ፣ አንዳንዴም በስሙ ይታወቃል። ከዚህ በላይ በጋለ ብረት የሚደረግ ምልክትና የጆሮ ቁርጥ አለ። ምልክቱ ከግለሰቡ ይልቅ ጎሣውን ወይም ቤቱን የሚያመለክት በሆነበት ቦታ፣ የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው የባለቤቱን ስም ባያውቅም ወደየትኛው ወገን መልእክት እንደሚልክ ያውቃል። የቀረውን ሥራ ሽማግሌዎችና ዘመዳሞች ይጨርሱታል።

ምልክት ብቻውን ግን ከብት አያስመልስም፤ ምልክቱን የሚያይ ዐይን ያስፈልጋል። በቦረና ይህን ዐይን የሚሰጠው የውኃ ጉድጓዱ ነው። ዱብሉቅን በመሳሰሉ ቦታዎች የሚገኙት፣ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች በየዕለቱ የሚጠጣውን መንጋ ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አላቸው። በበጋ ከብት በየሦስት ቀኑ ገደማ ውኃ መጠጣት አለበት፤ የተሰረቀም ቢሆን ይጠማል። ባዕድ ምልክት ያለው በሬ ከማያውቀው መንጋ ጋር ወደ ገንዳው ሲቀርብ፣ ተራውን የሚጠብቁት ሁሉ ያዩታል። ጉድጓዱ የተቆፈረው ሌባ ለመያዝ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ሁሉም ሊያልፍበት ግድ የሆነና ኃላፊ ያለው ቦታ በመሆኑ የቁጥጥር ጣቢያ ሆኖ ያገለግላል። ኮኸንና ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ወንጀል የሚፈጸመው ለመፈጸም የተዘጋጀ ሰውና አመቺ ዒላማ ጠባቂ በሌለበት ሲገናኙ ነው ብለው ነበር። አባ ሄሬጋ ለዚህ ሦስተኛ ነጥብ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ጠባቂ ሊሆን የሚችለው የታጠቀ ዘበኛ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት ወደዚህ አካባቢ የገቡት ያለ ጎሣ ምልክትና ያለ ውኃ ጉድጓድ ነው። ደጋ ላይ ያለችውን ቦሬን ከክብረ መንግሥትና ከነገሌ ቦረና ጋር የሚያገናኘው መንገድ አንድ ዋና መሥመር ነው። አንድ ሞተር በአንዱ ከተማ ማታ ጠፍቶ ጠዋት ሌላ ዞን ወይም ሌላ ክልል ሊገኝ ይችላል። በድንበር በኩል ያለ ሰነድ የገቡ ሞተሮች ደግሞ ነገሩን ያወሳስቡታል። ታርጋና የጉምሩክ ወረቀት የሌለው ሞተር የተሰረቀበት ሰው ለፖሊስ ማመልከቱ ራሱን ማጋለጥ መስሎ ይታየዋል፤ ሌባውም ይህን ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ ሞተር ብስክሌቶችን ስታግድ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ሞተሮቹ ለነጠቃ መዋላቸው ነበር። እገዳ ግን ሞተር የዕለት መጓጓዣ ለሆነበት ቆላ መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ለብስክሌት የውኃ ጉድጓዱን ቦታ ሊይዝ የሚችለው የጥገና ቤት ነው። ጎማ ይበሳል፣ ፍሬን ይላላል፣ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ የተሰረቀ ብስክሌትም እንደ ተሰረቀ በሬ «ይጠማል»። በአንድ አነስተኛ ከተማ ያሉ ጎሚስታዎችና የብስክሌት ጠጋኞች ጥቂት ናቸው፤ ደንበኞቻቸውንም በመልክ ያውቃሉ። በአብዛኛው ብስክሌት ላይ ከፔዳሉ ሥር ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ ሞተር ደግሞ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አለው። ጠጋኙ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ብስክሌት ቁጥር ከባለቤቱ ስም ጋር በደብተር ቢጽፍ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መዝገብ ይገኛል። ጃፓን ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ ብስክሌትን ማስመዝገብ ግዴታ ስታደርግ ምዝገባው በዋናነት የሚከናወነው በሻጩ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሰልፍ እንዲይዝ አይጠበቅም። መዝገቡ ሰው በሚያልፍበት ቦታ መቀመጡ ከሕጉ ጥብቅነት ያላነሰ ዋጋ አለው።

ንጽጽሩ ወሰን አለው። በሬ ተፈታትቶ አይሸጥም፤ ብስክሌት ግን ጎማው ለብቻ፣ መሪው ለብቻ ይሸጣል፤ ቁጥሩም የሚገኘው በዋናው ብረት ላይ ብቻ ነው። ቁጥር በሞረድ ሊፋቅም ይችላል። ቢሆንም የተፋቀ ቁጥር ራሱ ምስክር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 የወንጀል ፍሬ የሆነን ነገር እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የተቀበለን ሰው ስለሚቀጣ፣ ቁጥሩ የተፋቀ ብስክሌት የገዛ ሰው «አላወቅሁም» ማለቱ ይከብደዋል። በከብት ገበያ ሻጩን የሚያውቅ እማኝ ወይም ዋስ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ያገለገለ ብስክሌት ሲሸጥም ይኸው ልማድ ቢሠራበት የሚያስደንቅ አይሆንም።

ስለ ቁልፍና ስለ ማቆሚያ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ይቆረጣል፣ ወፍራም ሰንሰለት ጊዜ ይወስዳል፣ ከማይነቀል ነገር ጋር ያልታሰረ ብስክሌት ደግሞ ከነቁልፉ ይጫናል። ትኩረት የሚያሻው ስርቆቱ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። በእንግሊዝ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሙከራ በተመረጡ የብስክሌት ማቆሚያዎች ላይ የሚመለከቱ ዐይኖች ሥዕል ከማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ጋር ሰቅሎ ነበር። በእነዚያ ማቆሚያዎች ስርቆት በ62 በመቶ ሲቀንስ፣ ሥዕል ባልተሰቀለባቸው በ65 በመቶ ጨመረ። አንድ ከተማ ብቻውን ቢጠነክር፣ ለምሳሌ ነገሌ መዝገብ ይዛ ቦሬ ባትይዝ፣ ተመሳሳይ ሽሽት በመንገዱ ላይ መጠበቅ ይኖርበታል። ስለዚህ የጠጋኞቹ ደብተር በየከተማው ተለያይቶ ከሚቀመጥ፣ የጠፉት ቁጥሮች በስልክ መልእክት በመሥመሩ ላይ ላሉት ጠጋኞችና ፖሊስ ጣቢያዎች ሁሉ ቢደርሱ ይመረጣል። በጣቢያው የኤግዚቢት ክፍል ባለቤት አጥቶ የሚቀመጥ ብስክሌትም ቁጥሩ በዚያው መንገድ ተመልሶ ቢላክ፣ ከደብተሮቹ በአንዱ የተጻፈ ስም ሊገኝለት ይችላል።