በ9 ባይት የታጨቀ ሙዚቃ

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1990 በጃፓን ለገበያ ያቀረበውና በሌላው ዓለም ሱፐር ኒንቴንዶ ተብሎ የሚታወቀው የጌም ማሽን ሱፐር ፋሚኮም፣ ለድምፅ ሥራ የተመደበለት ሚሞሪ 64 ኪሎባይት ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ቦታ ይወስዳል። ድምፅ ሳይጨመቅ፣ በ16 ቢትና በሰከንድ 32,000 ጊዜ ተለክቶ ቢቀመጥበት የሚበቃው ለአንድ ሰከንድ ያህል ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1994 የወጡት ጌሞች፣ ፋይናል ፋንታሲ 6 ከነኦፔራ ትዕይንቱ፣ ዶንኪ ኮንግ ካንትሪም ከነውኃ ውስጥ ሙዚቃው የተሰሙት በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ ሆነው ነው።

ለዚህ ያበቃው የመጀመሪያው ነገር ዜማው ተቀድቶ አለመቀመጡ ነው። ጌሙ በተቀመጠበት ካርትሪጅ ውስጥ ያለው የመሣሪያዎች ድምፅ ቁርጥራጭ ነው፤ አንድ የቫዮሊን ድምፅ፣ አንድ የከበሮ ምት፣ አንድ የፒያኖ ቁልፍ። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ናሙና ይባላል። የማሽኑ የድምፅ ቺፕ ናሙናውን ፈጠን አድርጎ ሲያጫውተው ድምፁ ይቀጥናል፤ ዘግየት ሲያደርገው ይወፍራል። ሙዚቀኛው የሚጽፈው የትኛው ናሙና፣ መቼ፣ በምን ቅጥነትና በምን ያህል ጉልበት እንደሚሰማ ነው። በአንድ ጊዜ 8 ድምፆች መሰማት ይችላሉ። የዝላይና የፍንዳታ ድምፅም ከእነዚሁ 8 ላይ ስለሚሻማ፣ ጀግናው ሲዘል ከሙዚቃው አንድ መሣሪያ ለቅጽበት ዝም ሊል ይችላል።

ይህን የማሽኑን የድምፅ ክፍል የነደፈው የኒንቴንዶ ሰው አይደለም። የሶኒ መሐንዲስ የነበረው ኬን ኩታራጊ ነው። እንደሚነገረው ልጁ በቀድሞው የኒንቴንዶ ማሽን ስትጫወት የሚወጣው ድምፅ ስላላስደሰተው የተሻለ መሥራት እንደሚቻል አምኖ ተነሣ። የሶኒ አለቆች ጉዳዩን ሲደርሱበት ቢቆጡም ፕሬዚዳንቱ ኖሪዮ ኦጋ ደገፉት። ኩታራጊ በኋላ የፕሌይስቴሽን አባት ለመባል የበቃው ይኸው ሰው ነው።

የእሱ ንድፍ በራሱ የቆመ ትንሽ ኮምፒውተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የራሱ ፕሮሰሰር (ኤስፒሲ700)፣ ድምፁን የሚያመነጭ የራሱ ቺፕ (ኤስ-ዲኤስፒ) እና የራሱ ሚሞሪ አለው። ካርትሪጁን በቀጥታ ማየት አይችልም፤ ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር የሚገናኘው አንድ አንድ ባይት በሚያሳልፉ 4 በሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ጌሙ ሲጀምር ናሙናው፣ የዜማው ጽሑፍና የሚያጫውተው ፕሮግራም በእነዚያ በሮች አልፈው 64 ኪሎባይቱ ውስጥ መግባት አለባቸው።

ጭመቃው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው ቢአርአር ይባላል። ድምፁ በ16 በ16 ልኬት ተከፋፍሎ ብሎክ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ብሎክ በ9 ባይት ይጻፋል። ሳይጨመቅ 32 ባይት ይፈጅ የነበረው ማለት ነው። በዚህ ስሌት 64 ኪሎባይቱ በሙሉ ለናሙና ቢውል እንኳ በሰከንድ በ32,000 ልኬት የሚይዘው ከ3.6 ሰከንድ ብዙም የማይበልጥ ድምፅ ነው። ለአንድ ጌም ሙሉ ኦርኬስትራ ከዚህም ያነሰ ነው የሚቀረው።

ከ9ኙ ባይት የመጀመሪያው መመሪያ ነው፤ የቀሩት 8 ባይት ደግሞ ለእያንዳንዱ ልኬት 4 ቢት ይሰጣሉ። በ4 ቢት የሚጻፈው ከአሉታዊ 8 እስከ 7 ያሉት 16 ቁጥሮች ብቻ ናቸው። የድምፁ ሞገድ ግን በቺፑ ውስጥ ከአሉታዊ 16,384 እስከ 16,383 ይወጣል፣ ይወርዳል። ያን ሁሉ ከፍታና ዝቅታ በ16 ቁጥር መግለጽ የሚቻለው በመመሪያው ባይት ውስጥ ባሉ ሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ለብሎኩ በሙሉ የሚያገለግል የርምጃ መጠን ነው፤ ትንሿ ቁጥር በስንት እንደምትባዛ ይናገራል። ሁለተኛው የትንበያ ቀመር ነው። ቀመሮቹ ከ0 እስከ 3 ተራ ቁጥር አላቸው። 0 ምንም አይተነብይም። 1 ቀጣዩ ልኬት የበፊቱ 15/16ኛ ይሆናል ብሎ ይገምታል። 2 እና 3 ያለፉትን ሁለት ልኬቶች አይተው ሞገዱ ወዴት እያመራ እንደሆነ ይገምታሉ። በ4 ቢቱ የሚጻፈው ታዲያ ድምፁ ራሱ ሳይሆን ግምቱ የሳተው ነው።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የበፊቱ ልኬት 12,000 ነበር፤ የአሁኑ 11,500 ነው እንበል። ያለ ትንበያ ከተሄደ ይህን ከፍታ ለመድረስ የሚበቃው ርምጃ 2,048 ነው። 6 ርምጃ 12,288 ይሰጣል፤ ስህተቱ 788። በቀመር 1 ግን ግምቱ 11,250 ስለሆነ የቀረው 250 ብቻ ነው። ርምጃው ወደ 64 ዝቅ ይላል፤ 4 ርምጃ 256 ነው፤ ውጤቱ 11,506 ይሆናል። ስህተቱ 6። የተወሰደው ቦታ በሁለቱም በኩል ያው 4 ቢት ነው፤ የጆሮው ልዩነት ግን በሹክሹክታና በጩኸት መካከል እንዳለው ነው።

ኢንኮደሩ፣ ማለትም ድምፁን የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ብሎክ ይህን ምርጫ ያደርጋል። 13 የሚሠሩ የርምጃ መጠኖችና 4 ቀመሮች ስላሉ 52 አማራጭ አለ። ጥሩ ኢንኮደር ሁሉንም ይሞክራል፤ እያንዳንዱን ጨምቆ፣ መልሶ ፈትቶ፣ ከዋናው ድምፅ ጋር አስተያይቶ ስህተቱ ያነሰውን ይይዛል። እዚህ ላይ ጀማሪ ፕሮግራመር የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ትንበያው መነሣት ያለበት ከዋናው ድምፅ ሳይሆን ከተፈታው ነው፤ ቺፑ የሚያየው የተፈታውን ብቻ ነውና። ይህ ከተዘነጋ ትንሿ ስህተት በሚቀጥለው ላይ እየተጨመረች ድምፁ ከመንገዱ ይወጣል። ከ16,383 ያለፈ ውጤት ደግሞ ወደ አሉታዊው ጫፍ ስለሚገለበጥ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ‘ጧ’ ይላል። ኢንኮደሩ ይህንንም አስቀድሞ መጠበቅ አለበት።

ከሁሉም በላይ እጅ የሚጠይቀው ግን ሉፕ ነው። ዋሽንት ለረጅም ጊዜ ሲነፋ ድምፁ አንድ ዓይነት ሞገድ እየደጋገመ ይሄዳል። ስለዚህ መጨረሻው ወደ መካከሉ ተመልሶ እንዲደጋገም ከተደረገ አጭር ናሙና ማለቂያ የሌለው ድምፅ ይሆናል። ችግሩ ቺፑ የሚመለሰው ወደ ብሎክ መጀመሪያ ብቻ መሆኑ ነው፤ የሉፑ ርዝመት በ16 መካፈል አለበት። 440 ኸርዝ የሆነ ድምፅ በሰከንድ 32,000 ሲለካ አንዱ ዙር 72.7 ልኬት ገደማ ይሆናል። ይህ በ16 አይካፈልም። የናሙናው አዘጋጅ ዙሩን ወደ 64 ልኬት ያሳጥረዋል፤ ከዚያም ቺፑን በመደበኛው ፍጥነት 0.88 እጥፍ አጫውት ይለዋል። በመደበኛው ፍጥነት የሚጻፈው ቁጥር 4,096 ስለሆነ እዚህ 3,604 ይጻፋል። አራት ብሎክ፣ 36 ባይት፤ ዋሽንቱ ግን እስከፈለጉት ድረስ ይነፋል።

በዚህም ላይ ሌላ ረቂቅ ነገር አለ። የሉፑ የመጀመሪያ ብሎክ በትንበያ ከተጻፈ፣ መጀመሪያ ሲደረስበት የሚያየው ከፊቱ ያለውን ብሎክ ነው፤ ሲደጋገም ግን የሉፑን መጨረሻ ያያል። ሁለቱ ካልገጠሙ በየዙሩ ትንሽ ጠቅታ ይሰማል ወይም ድምፁ ይንሻፈፋል። ጥንቁቅ አዘጋጅ ይህን ብሎክ በቀመር 0 ይጽፈዋል፤ ትንሽ ጥራት ከፍሎ እርግጠኛነት ይገዛል። የናሙናው የመጀመሪያ ብሎክም በፊቱ የሚተማመንበት ነገር ስለሌለ እንዲሁ ነው የሚጻፈው።

ቺፑ በልኬቶቹ መካከል ያለውን ባዶ ሲሞላ 4 ጎረቤት ልኬቶችን በጋውስ ሠንጠረዥ ያዋሕዳል። ይህ የሻካራውን ጠርዝ ያለሰልሳል፤ ቀጫጭኑንም ድምፅ ያደበዝዛል። የሱፐር ኒንቴንዶ ሙዚቃ ሞቅ ያለና ለስላሳ የሚመስለው አንድም በዚህ ነው። ደብዛዛነቱን የማይወዱ አዘጋጆች ናሙናውን ከመጨመቃቸው በፊት ቀጭኑን ክፍል ሆን ብለው ያጎሉታል።

ቺፑ ኤኮም (እንደ ገደል ማሚቶ የሚመለስ ድምፅ) አለው፤ ነገር ግን ኤኮው ከዚያው ሚሞሪ ይበላል። ለእያንዳንዱ 16 ሚሊሰከንድ መዘግየት 2 ኪሎባይት ይወስዳል፤ ከፍተኛው የ240 ሚሊሰከንድ መዘግየት 30 ኪሎባይት ነው። ከሚሞሪው ግማሽ ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። ዋሻ ወይም ካቴድራል እንዲሰማ የፈለገ ሙዚቀኛ ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹን መሸኘት ነበረበት።

እዚህ ድንበር ላይ ነው የሙዚቀኞቹ ብልሃት የሚታየው። የዶንኪ ኮንግ ካንትሪው ዴቪድ ዋይዝ ኮርግ ዌቭስቴሽን የተባለው ሲንተሳይዘር የሚያወጣውን እየተለወጠ የሚሄድ ድምፅ ወደደው። ያን ድምፅ በቀጥታ ለመቅዳት ቦታ የለም። እሱ ትንንሽ የሞገድ ቁርጥራጮችን ተራ በተራ በማጫወት መሰል ለውጥ ፈጠረ፤ አኳቲክ አምቢያንስ የተባለው የውኃ ውስጥ ሙዚቃ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ቴልስ ኦፍ ፋንታዥያ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። መክፈቻው ላይ ሰው ይዘፍናል። የዘፋኟን ድምፅ 64 ኪሎባይት ውስጥ ማስገባት ስለማይቻል፣ ጌሙ የተጨመቀውን ድምፅ ከካርትሪጁ እያነሣ በእነዚያ 4 በሮች እየቆረሰ ይልከዋል፤ አንዱ ሲሰማ ቀጣዩ ይገባል። ካርትሪጁ ራሱ 48 ሜጋቢት ነበር፤ ለዚያ ማሽን ትልቅ ከሚባሉት አንዱ።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1994 ያወጣው ፕሌይስቴሽን የዚህ አሠራር የቅርብ ዘመድ ነው። በዚያ ላይ አንድ ብሎክ 28 ልኬት በ16 ባይት ይይዛል፤ ቀመሮቹ 5 ደርሰዋል። 115/64 እና 13/16 የሚሉት ቁጥሮች ከሱፐር ኒንቴንዶው ቀመር 3 ጋር አንድ ናቸው። የድምፁ ሚሞሪ ግን 512 ኪሎባይት፣ በአንድ ጊዜ የሚሰማውም 24 ድምፅ ሆኗል።

ዛሬ ለዚያ አሮጌ ቺፕ አዲስ ዜማ የሚደርሱ ሰዎች አሉ። ጌሙ ሲጫወት የ64 ኪሎባይቱን ይዘት ከቺፑ መዝገቦች ጋር ቀድቶ የሚያስቀምጥ ኤስፒሲ የሚባል ፋይል አላቸው፤ የአንድ ዜማ ሙሉ ዓለም በ65 ኪሎባይት ገደማ ይገባል። ያን ፋይል የከፈተ ሰው የትኛው ናሙና ስንት ብሎክ እንደወሰደ፣ ሉፑ የት እንደሚጀምር፣ ኤኮው ስንት ኪሎባይት እንደያዘ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ለናሙና ሥራ አዲስ የሆነ ሰው ትምህርቱን አንድ የሚወደውን ጌም ፋይል ከፍቶ የሉፖቹን ርዝመት ከ16 ጋር እያመሳከረ በመቁጠር ሊጀምር ይችላል።